ስፒከሩ ሳይወገድ ሆዱ ይታይ

በድምፅ ቅንብር ክፍላችን ያሉት ሁለት አሮጌ የእንጨት ስፒከሮች በዚህ ሴሚስተር መጨረሻ ከሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር ውስጥ እንደገቡ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ወሬ ብቻ አይደለም፤ ጀርባቸው ላይ የንብረት ክፍል ወረቀት ተለጥፏል። የሚሰጠውም ምክንያት የታወቀ ነው፦ ድምፃቸው ታፍኗል፣ ግራና ቀኙ አይመሳሰልም፣ አርጅተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክሶች እውነት ናቸው። ሦስተኛው ግን ክስ ሊሆን አይችልም። ስፒከር እንደ እንጀራ በአንድ ጊዜ አይሻግትም፤ ሲያረጅ የሚያረጀው የተወሰነ ቦታው ነው። ዝርዝሩን ያዘጋጁት ሰዎች ያንን ቦታ ከፍተው አላዩትም። እኛ ግን ጥቂት ተማሪዎች ከላቦራቶሪ ቴክኒሻናችን ጋር ሆነን አይተነዋል።

ይህን የምጽፈው ለአሮጌ ዕቃ አዝኜ አይደለም። ጉዳዩ የጆሮ ጉዳይ ነው። በዚያ ክፍል ከአንደኛ ዓመት እስከ ተመራቂ ያለ ተማሪ ሁሉ የራዲዮ ሥራውን የሚያስተካክለው በእነዚህ ስፒከሮች እየሰማ ነው። ስፒከሩ ከዋሸ እኛ የምናስተካክለው የተናጋሪውን ድምፅ ሳይሆን የስፒከሩን ውሸት ነው። ውሸቱ ደግሞ ከየት እንደመጣ ታውቋል፤ ከዉፈሩም ከትዊተሩም አይደለም፣ በሳጥኑ ሆድ ውስጥ ካለችው ክሮስኦቨር ከምትባል ትንሽ ሰሌዳ ነው። የእኔ አቋም እንግዲህ ይህ ነው፦ ስፒከሮቹ መወገድ የለባቸውም፣ ክሮስኦቨራቸው ግን እንደገና መሠራት አለበት፤ የምንሠራውም እኛው ተማሪዎች መሆን አለብን።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከፊት ያለውን ጨርቅ ስታነሡ ሁለት ነገር ታያላችሁ። ከታች 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ዉፈር፣ ከላይ ደግሞ ከብርጭቆ ክዳን የማትበልጥ ትዊተር። ሥራ ተከፋፍለዋል። ዉፈሩ ከባድ ስለሆነ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ መመላለስ አይሆንለትም። ቢሆንለትም ሌላ ችግር አለበት፤ በ3,000 ኸርዝ የድምፅ ሞገድ ርዝመት 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዉፈሩ ከሞገዱ ስለሚሰፋ ድምፁን እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን ወደ ፊት ብቻ ይወረውረዋል፤ ጎን ላይ የተቀመጠ ሰው አይደርሰውም። ትዊተሯ በተቃራኒው ቀላል ናት። የከበሮ ምት ወይም የወንድ ዜና አንባቢ ወፍራም ድምፅ በቀጥታ ከተላከባት ውስጧ ያለው ቀጭን ሽቦ ይቃጠላል። ስለዚህ ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣውን አንድ ድምፅ ለሁለቱ እንደየአቅማቸው የሚያከፋፍል ነገር መሀል ላይ መኖር አለበት። ክሮስኦቨር ማለት ይኸው ነው። ፓሲቭ የተባለው የራሱ ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ ነው። ሶኬት የለው፣ ባትሪ የለው፤ ጥቂት ካፓሲተር፣ ኮይል የምንላቸው ጥቂት ጥቅል ሽቦዎች፣ አንድ ሁለት ሬዚስተር፣ በቃ።

ካፓሲተር ቀጭኑን ድምፅ ያሳልፋል፣ ወፍራሙን ይከለክላል። ኮይል ተቃራኒው ነው። ስሌቱም አያስፈራም፣ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አያልፍም። ስፒከሩ ያለውን ኦም ድምፁ እንዲቆረጥ በምትፈልጉበት ኸርዝ አባዙት፤ 159,155ን ለዚያ ብዜት ስታካፍሉ የካፓሲተሩ መጠን በማይክሮፋራድ ይወጣላችኋል። 8 ኦም ለሆነ ትዊተር፣ 3,000 ኸርዝ ላይ ለመቁረጥ 6.6 ማይክሮፋራድ ማለት ነው። ለዉፈሩ የሚሆነው ኮይል ደግሞ 0.42 ሚሊሄንሪ ይሆናል። "መቁረጥ" ስል ግን እንደ መቀስ እንዳይመስላችሁ። አንድ ካፓሲተር ብቻ ሲኖር ኸርዙ በግማሽ በወረደ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቁልቁለት ነው እንጂ ገደል አይደለም። ካፓሲተርና ኮይል አንድ ላይ ሲሠሩ ቁልቁለቱ 12 ዴሲቤል ይሆናል፣ ሦስት ዕቃ ሲሆን 18።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ገበያ ላይ በፕላስቲክ ታሽጎ "ቱ ዌይ፣ 8 ኦም" ተብሎ የሚሸጠው የተዘጋጀ ሰሌዳም እዚህ ላይ ባቆመ ስሌት የተሠራ ነው። ችግሩ ግን በስፒከር ጀርባ ላይ የሚጻፈው 8 ኦም የማዕረግ ስም መሆኑ ነው። እውነተኛው ኦም እንደ ድምፁ ይለዋወጣል። አንድ ዉፈር ወፍራሙ ድምፅ ላይ ሲያስተጋባ 30 እና 40 ኦም ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ ወደ 6 እና 7 ይወርዳል፤ ኸርዙ ሲጨምር ደግሞ የራሱ ሽቦ እንደ ኮይል ስለሚሆን እንደገና ይወጣል። እንበልና 3,000 ኸርዝ ላይ 14 ኦም የደረሰ ዉፈር አላችሁ። ያቺን 0.42 ሚሊሄንሪ ብታስሩበት መቁረጫው 3,000 ላይ መሆኑ ይቀርና ከ5,000 በላይ ይሄዳል። ወረቀት ላይ ትክክል፣ ጆሮ ላይ ስህተት ማለት ይሄ ነው።

ለዚህ የሚደረግ መላ አለ። ከዉፈሩ ጋር ጎን ለጎን አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ይታሰራል፤ እነሱ የዉፈሩን ኦም ከመውጣት ይይዙታል። ዞቤል ይባላል። ስሙ የተወሰደው በ1920ዎቹ ለአሜሪካ የስልክ መስመሮች ማጣሪያ ይቀምር ከነበረው መሐንዲስ ከኦቶ ዞቤል ነው። ዛሬ በስፒከር ሳጥን ውስጥ የምናየው የማጣሪያ ሒሳብ ትልቁ ክፍል መጀመሪያ የተሠራው ለስልክ ነው፤ የእኛን ሙያ የሚነካውም ከዚሁ ከስልክ በኩል ነው።

"ይህ ሁሉ ለጋዜጠኛ ምኑ ነው?" የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። "ሰማ" እና "ሸማ" የሚሉትን ቃላት ጮክ ብላችሁ በሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ድምፅ ብቻ ነው። የ"ሸ" ጉልበት 2,000 ኸርዝን ትንሽ አለፍ ብሎ ይጀምራል፤ የ"ሰ" ጉልበት ግን አብዛኛው ከ4,000 በላይ ነው። መደበኛው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ያሳልፋል፤ በስልክ ስም ስናስመዘግብ "በሰ ነው በፈ?" እየተባልን የምንጠየቀው ለዚህ ነው። 3,000 ላይ የሚያካፍል ክሮስኦቨር እንግዲህ ልክ በ"ሸ" እና በ"ሰ" ድንበር ላይ ቆሟል ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ቀዳዳ ካለ የምንሰማው አማርኛ ጥርስ የሌለው ሰው የሚናገረው አማርኛ ይሆናል። "ጸ"ም "ዘ"ም "ቸ"ም አብረው ይጎዳሉ። የሙዚቃ ተማሪዎች ስለ ባሱ ይጨነቁ፤ እኛ የምንተዳደረው በእነዚህ ድምፆች ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሳጥኖች ልመለስ። የግራው ሳጥን ሰሌዳ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ለትዊተሯ 4.7 ማይክሮፋራድ የተጻፈበት ካፓሲተር፣ ከጎኑ አንድ ኮይል፣ ድምፅ የምትቀንስላት አንዲት ሬዚስተር፤ ለዉፈሩ ደግሞ ትልቅ ኮይል፣ ካፓሲተርና ዞቤል አለው። ኮይሉን ስንለካው 0.6 ሚሊሄንሪ ገደማ ወጣ። 4.7 እና 0.6 ደግሞ 8 ኦም ላይ በ12 ዴሲቤል ቁልቁለት 3,000 ኸርዝ የሚያካፍሉ ቁጥሮች ናቸው። የሠራው ሰው የሚያደርገውን ያውቅ ነበር።

የቀኙ ሳጥን ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከዓመታት በፊት ለጥገና ወጥቶ ነበር ይባላል። የጠገነው ሰው ሰሌዳውን ጠቅላላ ነቅሎ ጥሎታል። በምትኩ ወደ ትዊተሯ በሚሄደው ሽቦ ላይ አንድ የ2.2 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በይዷል፤ ዉፈሩን ያለ ምንም ነገር በቀጥታ አስሮታል። ድምፅ ወጣ፣ ሒሳብ ተከፈለ፣ ዕቃው ተመለሰ። የዚያን ካፓሲተር ሒሳብ ሥሩት፦ 8 ኦም ላይ የሚቆርጠው 9,000 ኸርዝ ገደማ ነው። በዚህ ስሌት ትዊተሯ በ6,000 ኸርዝ 5 ዴሲቤል፣ በ4,500 ኸርዝ 7 ዴሲቤል፣ በ3,000 ኸርዝ 10 ዴሲቤል ጎድሎባታል። የ"ሰ" መኖሪያ በሙሉ ማለት ነው! ከ10,000 በላይ ደግሞ ድምፅ የምትቀንሰው ሬዚስተር ስለሌለች ጭራሽ ከግራው ትጮኻለች። ዉፈሩ በበኩሉ የማይችለውን ቀጭን ድምፅ ሁሉ እንዲሸከም ተፈርዶበታል።

ውጤቱን ለመስማት መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሰው የተናገረውን በሞኖ ቅዱና በሁለቱ ስፒከሮች መሀል ተቀምጣችሁ ስሙ። ተናጋሪው መሀል መቆም ነበረበት። በእኛ ክፍል ግን "ሰ" ባለ ቁጥር ወደ ግራ ይዘላል። ባለፈው ሴሚስተር አንድ የክፍላችን ቡድን ዘጋቢ ፊልሙን ድምፅ በዚህ ክፍል ሲያስተካክል ትረካው "ታፍኗል" ብሎ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አደረገው። ሥራው በአዳራሹ ስፒከር ሲቀርብ እያንዳንዱ "ሰ" ጆሮ ይወጋ ነበር። ነጥብ ተቀነሰባቸው። ተራኪዋ ምን አጠፋች? እነሱስ የሰሙትን ነው ያስተካከሉት።

ለፍትሐዊነት ያህል፣ አንድ ካፓሲተር ብቻ ያላቸው ጥሩ አሮጌ ስፒከሮች እንዳሉ መናገር አለብኝ። ዉፈራቸው ከሥሪቱ ቀጭኑን ድምፅ በራሱ እየተወ እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ነው። የእኛው ግን እንደዚያ አይደለም፤ ለዚህም ነው ፋብሪካው ያን ሁሉ ኮይል ያስገባለት።

ክሮስኦቨር የስፒከሩ ግማሽ አካል ነው ስል ያጋነንኩ የሚመስለው ካለ ከራሳችን ሙያ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከስቱዲዮ ውጭ ለሚቀረጽ ሥራ በሚሄዱ መኪኖች ውስጥ የምትገባ ትንሽ ስፒከር አስፈለገችው። ቦታው ጠባብ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ደግሞ በቂ ሆኖ አልተገኘም። የምርምር ክፍሉ ለሙዚቃ አዳራሽ ጥናት በአንድ ስምንተኛ መጠን በተሠራ ሞዴል ውስጥ ድምፅ ለማሰማት የተጠቀመባትን ትንሽ ሳጥን መነሻ አደረገ። ከዚያ የተወለደችው ኤል ኤስ 3/5 ኤ ትባላለች። ቁመቷ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ሆዷ 5 ሊትር ገደማ ነው። ከታች ቢ 110 የሚባል ዉፈር፣ ከላይ ቲ 27 የምትባል ትዊተር አላት። ሁለቱም ኬፍ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ምርቶች ናቸው፤ ሌሎች አምራቾችም በየራሳቸው ስፒከር ተጠቅመውባቸዋል። ታዲያ ይህቺን ከሌሎቹ የለያት ምንድን ነው? ሳጥኗና ክሮስኦቨሯ ነው።

መካፈያዋ 3,000 ኸርዝ ላይ ነው። ልብ በሉ፣ እንደ እኛው። ሰሌዳዋ ግን ማካፈል ብቻ አይደለም ሥራዋ፤ ዉፈሩ በመካከለኛው ድምፅ ላይ ያለውን እብጠት ታስተካክላለች። ትዊተሯን ከዉፈሩ ጋር ለማመጣጠን ደግሞ ብዙ መውጫ ያለው ትንሽ ትራንስፎርመር አላት፤ ሽቦውን ከአንዱ መውጫ ወደ ሌላው በማዛወር የትዊተሯ ድምፅ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ይላል። መጀመሪያ የተሠራችው ኤል ኤስ 3/5 ነበረች፤ ዉፈሩና ትዊተሯ በፋብሪካ ሲለወጡ ቢቢሲ ሰሌዳውን እንደገና ቀምሮ "ኤ" የምትለውን ፊደል ጨመረ። በ1980ዎቹ መጨረሻም የዉፈሩ ጠባይ እየተለወጠ በመሄዱ ሰሌዳው እንደገና ተሠራ፣ 15 ኦም የነበረችው ስፒከር 11 ኦም ሆነች። ዱድሊ ሃርውድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጡት የቢቢሲ የምርምር ሪፖርት ሥራውን ይተርካል፤ ማንም ሊያነበው ይችላል። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ዉፈሩ ትንሽ ሲለወጥ እንኳ ሰሌዳውን እንደ አዲስ የሚቀምር ተቋም ባለበት ዓለም፣ ሰሌዳውን ነቅሎ አንድ ካፓሲተር መበየድ ጥገና ተብሎ ሊጠራ አይገባም።

ወደ ሥራው እንግባ። ትልቁ ሀብታችን የግራው ሳጥን ነው፤ ያልተነካው ሰሌዳ ናሙናችን ነው። እሱ ከተጣለ የቀኙን በግምት ካልሆነ መሥራት አንችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መበየድ አይደለም። ፎቶ ማንሳትና ሥዕል መሣል ነው። እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ተነስቶ የት እንደሚሄድ፣ በምን ቀለም፣ ፕላሱ የቱ ነው፣ ማይነሱ የቱ ነው። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። በግራው ሳጥን የትዊተሯ ቀይ ሽቦ የሚሄደው ወደ ማይነስ ነው። የሚያየው ሰው "የፋብሪካ ስህተት ነው" ብሎ ቀይን ከቀይ ሊያገናኘው ይችላል። ስህተት አይደለም። 12 ዴሲቤል የሚቆርጥ ክሮስኦቨር ላይ የዉፈሩና የትዊተሯ ድምፅ መካፈያው ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላዋ ወደ ኋላ ትስባለች፤ ስለዚህ ይጣፋሉ። ትዊተሯ ተገልብጣ ስትታሰር ግን ይደጋገፋሉ። ያንን "ያረመ" ሰው 3,000 ኸርዝ ላይ ጉድጓድ ቆፈረ ማለት ነው።

ቀጥሎ የትኛው ዕቃ እንደሚቀየር መወሰን ነው። ኮይል የመዳብ ሽቦ ነው፣ ካልተቃጠለ አያረጅም፤ ይቅር። ሬዚስተሩን መለካት ነው። የሚያረጀው ካፓሲተሩ ነው፤ በአሮጌ ስፒከር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኤሌክትሮሊቲክ የሚባለው ዓይነት ውስጡ ፈሳሽ አለው፣ እሱም ከዘመን ብዛት ይደርቃል። ሲደርቅ የግድ መጠኑ ይቀንሳል ማለት አይደለም። የግራው ሳጥን 4.7 የተጻፈበት ካፓሲተር በመልቲሜትር 6.1 አነበበ። ብልሽት ሲያፈስ ተራ መልቲሜትር ከፍ አድርጎ ሊያነብም ይችላል። ከመጠኑ ይልቅ የሚጎዳው በውስጡ የሚፈጠረው ተቃውሞ ነው፤ 2 ኦም ቢጨምር 8 ኦም የሆነችው ትዊተር ወደ 2 ዴሲቤል ገደማ ድምፅ ታጣለች። ስለዚህ የግራውም ቢሆን ካፓሲተሮቹ መቀየር አለባቸው፤ ሁለቱ ሳጥኖች እኩል የሚሆኑት ያኔ ነው።

የሚገዛው ፖል የሌለው፣ ማለትም ፕላስና ማይነስ ያልተለየለት ካፓሲተር ነው። ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን የሚሆነው ተራው ኤሌክትሮሊቲክ በአንድ አቅጣጫ ለሚሄድ ኤሌክትሪክ የተሠራ ነው፤ ድምፅ ግን ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ልኩ ከጠፋ ጎን ለጎን ማሰር ይቻላል፣ መጠናቸው ይደመራል፦ 3.3 እና 1.5 ሲታሰሩ 4.8 ይሆናሉ፣ ከ4.7 ጋር ያለው ልዩነት በጆሮ አይለይም። የድሮ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ሌላ ዘዴም አለ፤ ሁለት ባለ 10 ተራ ካፓሲተሮችን ማይነስ ለማይነስ በተርታ በማሰር ፖል የሌለው 5 ማይክሮፋራድ ይሠራሉ። ያስኬዳል፣ ለዘለቄታው ግን አልመክረውም።

የቀኙን ኮይሎች ሽቦ ገዝቶ መጠቅለል ይቻላል፤ እየለኩ፣ እየፈቱ፣ እየጨመሩ። አድካሚ ነው ግን አይከብድም። የሽቦው ውፍረት እንደ ግራው መሆን አለበት፤ ቀጭን ከሆነ ተቃውሞው ጨምሮ የዉፈሩን ድምፅ ይለውጠዋል። ሁለቱ ኮይሎች ሰሌዳው ላይ ተራርቀው፣ አንዱ ተኝቶ አንዱ ቆሞ ይቀመጡ፤ ከተጠጋጉ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይቀዳል። ሲያልቅ አምፕሊፋየሩን ከማብራት በፊት በትዊተሯ መስመር ላይ ያለው ካፓሲተር ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት መሆኑን በመልቲሜትር ማረጋገጥ ነው። ያንን ያለፈ ሰው ትዊተር ያቃጥላል።

ልክ መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ማይክሮፎን ሞልቶናል እኮ። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባል በነፃ የሚገኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ማይክሮፎናችን የመለኪያ ዓይነት አይደለም ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ግራውንና ቀኙን በአንድ ማይክሮፎን፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ርቀት ስንለካ የማይክሮፎኑ ጉድለት በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያርፍ ልዩነታቸው በትክክል ይታያል።

ክርክሩ ከዚህ በኋላ ከሁለት ወገን እንደሚመጣ እገምታለሁ። አንደኛው ወገን "ካልቀረ በተሻለ ዕቃ እንሥራው" የሚለው ነው። ውድ ካፓሲተር፣ ወፍራም ኮይል፣ ሌላ ትዊተር። በዚህ አልስማማም። ስፒከሩን የቀመረው ሰው ያንን ኮይል ከነተቃውሞው፣ ያንን ካፓሲተር ከነጉድለቱ ቆጥሮ ነው ቁጥሮቹን የመረጠው። ዘመናዊው የፊልም ካፓሲተር ረጅም ዕድሜ አለው፣ ውስጣዊ ተቃውሞውም ከምንም አይቆጠርም፤ ለትዊተሯ ብንጠቀምበት አልቃወምም። ግን ድምፁ ከቀድሞው ደመቅ ካለ "ተሻሻለ" ብሎ ከማጨብጨብ ይልቅ የግማሽ ኦም ሬዚስተር ጨምሮ መመለስ ይሻላል። የምንፈልገው የሚያምር ስፒከር አይደለም፣ የማይዋሽ ስፒከር ነው። ሌላ ትዊተር መግጠምማ ከቢቢሲ እንዳየነው ሰሌዳውን ከዜሮ መቀመር ማለት ነው።

ሁለተኛው ወገን "አዲስ አክቲቭ ስፒከር እንግዛ፣ ለዚህ ምን አደከመን?" ይላል። ይህ የማይናቅ ሐሳብ ነው። አክቲቭ ስፒከር የሚያካፍለው ከአምፕሊፋየሩ በፊት በመሆኑ ከኦም መዋዠቅ ጣጣ ነፃ ነው፤ በጀት ካለ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን የግዢው ጥያቄ ገና አልተፈቀደም፣ ማስወገዱ ግን ቀን ተቆርጦለታል። በመሀል ያለውን ጊዜ በምን ልንሰማ ነው? በየኪሳችን ባለው የስልክ ማዳመጫ? ደግሞም አዲሱ ስፒከር ሲበላሽ ውስጡን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ያው በተመሳሳይ መንገድ ይጠገንና በተመሳሳይ መንገድ ይወገዳል። አገራችን ውስጥ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ሁሉ "ሞንታርቦ" ነው የሚባለው፤ የአንድ የጣሊያን አምራች ስም የዕቃው ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ። ስሙን ወስደን ውስጡን ሳናይ ስንት ዓመት ሆነን።

"እኛ ጋዜጠኞች ነን፣ መሐንዲሶች አይደለንም" ለሚሉት ደግሞ፣ ካሜራማን ሌንሱ የሚያደርገውን እንዲያውቅ ስንጠይቅ መሐንዲስ ሁን አላልነውም።

የማይቻለውንም ልናገር። የዉፈሩ ዳር ላይ ያለው ስፖንጅ ከተበጣጠሰ፣ የትዊተሯ ሽቦ ከተቃጠለ፣ ምንም ዓይነት ክሮስኦቨር አያድነውም። ሁለቱንም አይተናል፤ የዉፈሮቹ ጠርዝ ጎማ ነው፣ አልተነካም፤ ትዊተሮቹም በመልቲሜትር ሲለኩ ሁለቱም 6 ኦም ገደማ ያነባሉ፣ ይኸውም ለ8 ኦም ትዊተር ጤነኛ ቁጥር ነው። ሳጥኖቹ አልተሰነጠቁም።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን ኃላፊዎችና ለንብረት ክፍሉ የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ማስወገዱ ለአንድ ወር ይዘግይ። ከሁለተኛና ከሦስተኛ ዓመት አምስት ስድስት ተማሪዎች፣ ከቴክኒሻናችን ጋር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በላቦራቶሪው እንድንሠራ ይፈቀድልን። የሚገዛው ዕቃ ስድስት ካፓሲተር፣ ጥቂት ሬዚስተር፣ የመዳብ ሽቦና የመበየጃ ሊድ ነው፤ ዝርዝሩን አዘጋጅተን ለማስገባት ዝግጁ ነን። ሲያልቅ የግራና የቀኙን ልኬት በአንድ ወረቀት አትመን የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንለጥፋለን፤ ማንም መጥቶ መሀል ተቀምጦ ይስማ። "ሰ" አሁንም ወደ ግራ የምትዘል ከሆነ የንብረት ክፍሉ ወረቀት ባለበት ይቆይ። እስከዚያ ድረስ ግን የግራው ሳጥን ማንም እንዳይነካው፤ ሌላ ናሙና የለንም።